በትንሽ የገጠር ከተማ ቤት ልንገዛ ነው፤ ኑሮውን የምታውቁ ምክር ስጡን

የማለዳ ጤዛ

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ የምትጽፉትን ሳነብ ቆይቻለሁ። ዛሬ ጉዳዩ የራሴ ሆነና መጻፍ ግድ አለኝ።

ከባለቤቴ፣ ከልጆቻችንና ከእናቴ ጋር ትልቅ ከተማ ውስጥ ተከራይተን ነው የምንኖረው። ባለቤቴ ሥራውን በኮምፒውተር ከቤት ሆኖ ይሠራል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የትም ብሄድ ሙያዬ አብሮኝ ይሄዳል። ኪራዩ በየጊዜው ይጨምራል። ልጆቹ የሚሮጡበት ቦታ የላቸውም። እናቴም ደረጃው እየከበዳት ነው። ስለዚህ ራቅ ብላ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ ቤት ማየት ጀመርን።

አንዱ ልባችንን ወሰደው። አሮጌ ቤት ነው፤ ደረጃ የለውም። ግቢው ሰፊ ነው፣ ትልልቅ ዛፎች አሉት፣ የራሱ የውሃ ጉድጓድም አለው። ከጓሮው ዝቅ ብሎ ወንዝ ይሰማል። ዋጋው ደግሞ እዚህ ለአንዲት ጠባብ አፓርታማ ከሚጠየቀው በብዙ ያንሳል። ያየነው በበጋ ነው፤ ቀኑ ብራ፣ መንገዱ ደረቅ ነበር።

ሻጩ «ሌላ ገዢ አለ፤ በዚህ ሳምንት ቀብድ ካልሰጣችሁ ለእሱ ነው የምሸጠው» ብሎናል። ባለቤቴ እንስጥ ባይ ነው። እኔ ግን ልቤ ፈራ ተባ ይላል። እንዲህ ያለ ከተማ የኖራችሁ፣ የገዛችሁ፣ ወይም ገዝታችሁ የወጣችሁ ካላችሁ፣ ምን እንይ? ማንን እንጠይቅ?

ግንበኛው

እህቴ፣ መጀመሪያ ቀብዱን አትስጡ፤ ያዙት። በትንሽ ከተማ ቤት ገዢ አጥቶ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይቆያል። የተባለው ገዢ በእርግጥ ቢኖር እንኳ፣ ሳይመረመር የሚገዛ ቤት የለም።

ሙያዬ ግንባታ ነው። አሮጌ ቤት ስታዩ ከታች ጀምራችሁ ወደ ላይ ውጡ።

ስንጥቅ ሁሉ አያስደነግጥም። ልስኑ ላይ ያለ ቀጭን ስንጥቅ ብዙ ጊዜ ልስኑ ሲደርቅ የመጣ ነው። የሚያሳስበው የድንጋዩን ወይም የብሎኬቱን መጋጠሚያ እየተከተለ ደረጃ በደረጃ የሚወጣው ነው። ግድግዳውን አግድም የሚያቋርጠው ከዚያም ይብሳል። በሮቹን ሁሉ ከፍታችሁ ዝጉ። ወለሉ ላይ የሚያዝ በር፣ ሳይነኩት ራሱ የሚከፈት በር ካለ ቤቱ ከቦታው ተንቀሳቅሶ ሊሆን ይችላል። አፈሩ ጥቁር መረሬ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ላዩ ላይ የተቀመጠውን ቤት በየዓመቱ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል።

ወደ ጣሪያው ስትደርሱ ኮርኒሱ ላይ ጠርዙ የጠቆረ የውሃ ምልክት ካለ እዩ። ከዚያ ሰው ኮርኒሱ ውስጥ ይግባ። በቀን፣ ባትሪ አጥፍቶ ቀና ሲል ብርሃን ነጥብ ነጥብ ብሎ ከታየው ቆርቆሮው ተበስቷል ማለት ነው። ለእንጨቱ አንድ ካቻቪቴ ይበቃል። ጫፉን ሞራሌው ላይና የበሩ መቃን ግርጌ ላይ ጫን አድርጉት። ጤነኛ እንጨት አይበገርም። ምስጥ የበላው ግን ቀለሙ ላዩ ላይ እንዳማረ ካቻቪቴው ስምጥ ይላል። ቤቱን ለመሸጥ ብሎ ቀለም የቀባ ሰው ይህን አይሸፍነውም።

የአሸንዳውን መጨረሻም አትርሱ። ውሃውን መሠረቱ ሥር የሚደፋ ከሆነ የስንጥቁ ምክንያት እዚያው ሊሆን ይችላል። እሱ በቀላሉ የሚስተካከል ነገር ነው።

የሚመረምርላችሁን ሰው ራሳችሁ ፈልጋችሁ፣ ራሳችሁ ክፈሉት። ደላላው በሚያመጣው ባለሙያ አትመኑ።

እርጋታ

ግንበኛው ስለ ቤቱ በደንብ ተናግሯል። እኔ ስለ ከተማዋ ልናገር። የምኖረው ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው፤ ልጆቼንም ያሳደግኳቸው እዚሁ ነው። ወድጄው ስለሆነ ላስፈራራሽ ብዬ አይደለም የምጽፈው።

ከመግዛታችሁ በፊት ተከራዩ። ቢያንስ ክረምቱን እዚያ አሳልፉት።

ለምን መሰለሽ? በትልቅ ከተማ ቤት ገዝተሽ ባይስማማሽ ትሸጪዋለሽ። ምናልባት ትንሽ ትከስሪ ይሆናል እንጂ ገዢ አይጠፋም። በትንሽ ከተማ ግን በዓመት የሚሸጠው ቤት በጣት የሚቆጠር ነው፤ ገዢውም እንደዚያው። ቤቱን ስትገዢ ደስ ያሰኘሽ ርካሽ ዋጋ፣ ስትሸጪ አንቺን ይጠብቅሻል። ባንኮችም ይህን ያውቃሉ። ገማቹ ዋጋ የሚያወጣው በቅርብ የተሸጡ ተመሳሳይ ቤቶችን አይቶ ነው። እነሱ ሲጠፉ ግምቱ ዝቅ ይላል፤ ብድሩም ያንሳል፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይፈቀድም። በብድር የምትገዙ ከሆነ ቀብድ ከማሰባችሁ በፊት ባንኩን ጠይቁ።

ክረምቱን ያልኩሽ ትንሽ ከተማ ጠባይዋን የምታሳየው ያኔ ስለሆነ ነው። ዋናው መንገድ ሲዘጋ ምን ይሆናል? መብራት ሲሄድ ስንት ቀን ይቆያል? ልጆቹ ጭቃውን በየት በኩል አልፈው ትምህርት ቤት ይደርሳሉ? ቅዳሜና እሁድ ያያችሁት ሰፈርም ሰኞ ሌላ ነው። እኛ ሰፈር አንድ እንጨት ቤት አለ። እሁድ መኖሩን አታውቂም። ሰኞ ጠዋት መጋዙ ሲነሳ ግን ሕፃን የሚያስተኙ እናቶች መስኮታቸውን ይዘጋሉ።

ባለሙያም እንደልብ አይገኝም። እዚህ የውሃ ፓምፕ የሚጠግነው ሰው አንድ ነው። እሱ ከታመመ ወይም ዘመድ ጥየቃ ከሄደ ከተማው በሙሉ ይጠብቀዋል። ይህን ኖራችሁ ካያችሁት በኋላ የምትወዱት ከሆነ፣ ያን ጊዜ ግዙ።

ቀጥታ ተናጋሪ

በዚህ አልስማማም። እርጋታ ምክርሽ ጥሩ ነው፤ ግን በትንሽ ከተማ የሚከራይ ቤት ከየት ይመጣል? ሰው የሚሠራው ለራሱ ነው። ቢገኝም አምስት ሰው የማይችል አንድ ክፍል ነው። ዕቃ ሁለት ጊዜ መጫን፣ ልጆችን ሁለት ጊዜ ማዛወር፣ እናትን ሁለት ጊዜ ማንገላታት አለ።

ደግሞም ተከራይ ሆኖ የገባን ሰው ሰፈሩ እንደ መንገደኛ ነው የሚያየው። የገዛውን ነው ጎረቤት የሚለው። ቤቱ በባለሙያ ከታየ፣ ሰነዱም ንጹሕ ከሆነ ይግዙት። እንከን የሌለው ቤት ስንጠብቅ ዕድሜያችን ይሄዳል።

እርጋታ

ወንድሜ ቀጥታ ተናጋሪ፣ ኪራይ ችግር መሆኑ እውነት ነው። ግን ማስታወቂያ ላይ ስለማይወጣ ነው የሌለ የሚመስለው። በትንሽ ከተማ የሚከራይ ቤት በሰው አፍ ነው የሚገኘው። ዓመት ጠብቀው የሚዛወሩ መምህራን አሉ፣ የጤና ባለሙያዎች አሉ፣ የመንገድ ሥራ ሠራተኞች አሉ። እነሱ ሲለቁ ቤቱ ባዶ ይሆናል። ትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት ገብቶ «የሚዛወር መምህር አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ስለ መንገደኛው ያልከው ላይ ግን አልሟገትህም። እውነትህን ነው።

ሲስተር

የማለዳ ጤዛ፣ እኔ የያዝኩት የእናትሽን ነገር ነው። የምሠራው በአንድ ወረዳ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነው።

ሰዎች «ሆስፒታሉ ስንት ኪሎ ሜትር ይርቃል?» ብለው ይጠይቃሉ። አንቺ በሰዓት ጠይቂ፤ ያውም በሌሊት፣ በዝናብ፣ የራስ መኪና በሌለበት። ቀጥለሽ እዚያ ምን እንዳለ ጠይቂ። ምሳሌ ልስጥሽ። በስትሮክ ለተመታ ሰው ደም የረጋበትን የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ የጭንቅላቱን ውስጥ በሚያሳየው ምርመራ፣ በሲቲ ስካን መታየት አለበት፤ ደም ፈስሶ ከሆነ ያው መድኃኒት ይጎዳዋል። ስለዚህ ቅርብ ያለው ሆስፒታል ሲቲ ስካን ከሌለው፣ ለዚህ ጉዳይ ቅርብ ነው አይባልም። ያለበትን ፈልጊና ሰዓቱን ከዚያ ቁጠሪ።

እናትሽ በየወሩ የሚወስዱት መድኃኒት ካለ እዚያ ፋርማሲ ገብተሽ በስሙ ጠይቂ። «ይመጣል» ካሉሽ ስንት ጊዜ አልቆባቸው እንደሚያውቅ ጠይቂ። ኩላሊት እጥበት የሚያስፈልገው ሰው ካለ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በሳምንት 3 ቀን ነው፤ ያንን መንገድ በዓመት አባዝቶ ማየት ያስፈልጋል።

ትንሽ ከተማ ለአረጋውያን ጥሩ ነገርም አላት። ደጅ ወጥተው ይቀመጣሉ፣ የሚያነጋግራቸው አያጡም፣ አንድ ቀን ካልታዩ ሰው በር ያንኳኳል። በሥራዬ ብዙ ብቸኛ አረጋውያን ስለማይ ይህን እንደ ትንሽ ነገር አልቆጥረውም።

ባለ ላፕቶፕ

ለባለቤትሽ መልእክት አለኝ። እኔም ከትንሽ ከተማ ነው የምሠራው።

ኢንተርኔቱን ከተማው መሃል ሳይሆን ቤቱ ውስጥ፣ የሚሠራባት ክፍል ገብቶ ይሞክረው። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ የሞባይል ኔትወርክን ክፉኛ ይቀንሰዋል። ቀን ብቻ ሳይሆን ሰው ሁሉ ቤቱ በሚገባበት ምሽትም ይሞክር። ፍጥነቱን ሲለካ ማውረጃውን (ዳውንሎድ) ብቻ አይመልከት፤ የቪዲዮ ስብሰባ የሚቆራረጠው ብዙ ጊዜ መጫኛው (አፕሎድ) ደካማ ሲሆን ነው።

ሳተላይት ካሰባችሁ ልዩነቱን እወቁ። የድሮዎቹ የሳተላይት ኢንተርኔቶች 35,800 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ካለ ሳተላይት ጋር ነው የሚነጋገሩት። ድምፁ ሄዶ እስኪመለስ ግማሽ ሴኮንድ ያህል ስለሚፈጅ ስብሰባ ላይ ሰው እርስ በርሱ ይቆራረጣል። ስታርሊንክን የመሰሉት አዲሶቹ የሳተላይት ኢንተርኔቶች ግን ሳተላይቶቻቸው 500 ኪሎ ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስለሚዞሩ መዘግየቱ በጣም ያንሳል። ግን በየአገሩ ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል፤ ሳህኑም ክፍት ሰማይ ይፈልጋል። አንቺ የወደድሻቸው ትልልቅ ዛፎች እዚህ ላይ እንቅፋት ይሆናሉ። ዛፍ ከመቁረጣችሁ በፊት ጣሪያው ላይ ወይም ምሰሶ ላይ መስቀል ይቻል እንደሆነ እዩ።

መብራት ሲጠፋ ራውተሩና ላፕቶፑ የሚቆዩበት ባትሪ የግድ ነው። ከሁሉም በላይ አሠሪው ከቤት መሥራቱን በጽሑፍ ያረጋግጥለት። በቃል የተፈቀደ ነገር አለቃ ሲቀየር ይቀየራል። ቢሮ ግባ ቢባል ያ ቤት ከሥራው ስንት ሰዓት ይርቃል?

የማለዳ ጤዛ

እግዜር ይስጥልኝ። የጻፋችሁትን ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ቀብዱን እንዳንሰጥ ተስማማን። ሻጩ መጀመሪያ ተቆጣ፤ ኋላ ግን «እሺ፣ እዩት» አለ። ሌላው ገዢ ከዚያ በኋላ ስሙ አልተነሳም።

የራሳችንን ግንበኛ ይዘን ሄድን። ጣሪያው ደህና ነው አለን። የኋለኛው ክፍል ግድግዳ ላይ ግን ያ ደረጃ የመሰለው ስንጥቅ አለ።

ሌላም አየን። የኋለኛው ግድግዳ ከውጭ እስከ ጉልበት ድረስ ብቻ አዲስ ቀለም ተቀብቷል። ከዚያ በላይ አሮጌው ቀለም ነው። ጎረቤት ያሉ አንዲት እናት ስጠይቃቸው «ወንዙ ሞልቶ እስከዚያ ደርሶ ነበር፤ ዕቃ አብረን ነው ያወጣንላቸው» አሉኝ። እኚሁ እናት ውሃ የሚቀዱት ከዚያው ጉድጓድ ነው። ከሻጩ አባት ጋር ተስማምተው ነው፤ ወረቀት የለም።

ሰነዱም ገና በአባትየው ስም ነው። እሳቸው አርፈዋል። ሻጩ ወንድምና እህት አሉት፤ ሌላ አገር ነው የሚኖሩት። ሻጩ «እኔ ነኝ የምወክላቸው» ይላል። አሁን ምን ይሻላል? እውነቱን ለመናገር ቤቱን አሁንም እወደዋለሁ።

የሰነድ ሰው

በጥብቅና ነው የምተዳደረው። የወራሾች ሕግ እንደየአገሩ ስለሚለያይ እዚያው ያለ ጠበቃ ያስፈልጋችኋል። መስመሩ ግን የትም ብዙም አይለያይም።

ቤቱ በሟች ስም እያለ ሻጩ ብቻውን ሊሸጠው አይችልም። መጀመሪያ ወራሽነቱ በሕግ መረጋገጥ አለበት። ከዚያ ወራሾቹ ሁሉ ይፈርማሉ፣ ወይም በሕጋዊ ውክልና ያስፈርማሉ። ውክልናው ላይ «ለመሸጥ» የሚል ቃል መኖሩን እዩ። ንብረት ለማስተዳደር የተሰጠ ውክልና ለመሸጥ ላይበቃ ይችላል። መሻሩንና አለመሻሩንም ከሰጠው መሥሪያ ቤት አረጋግጡ። የሟች ሚስት በሕይወት ካሉ የእሳቸው ድርሻ አለ። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ወራሽ ካለም ነገሩ ፍርድ ቤት ሊሄድ ይችላል።

የእዳና የእገዳ ማጣሪያውን ሻጩ ከሚያሳያችሁ ፎቶ ኮፒ አትውሰዱ። መዝገብ ቤት ራሳችሁ ሂዱ። ያልተከፈለ ግብርና የውሃ፣ የመብራት ሂሳብም ጠይቁ። ወሰኑን በሰነዱ ላይ ካለው ልኬት ጋር አስተያዩ፤ ጎረቤቶቹ ባሉበት ዙሪያውን በእግራችሁ ሂዱ። መንገዱ የሚያልፈው በሰው መሬት ላይ ከሆነ የመተላለፊያ መብቱ በጽሑፍ ይኑር።

ስለ ጉድጓዱ ልጨምር። ጎረቤትሽ የቃል ስምምነታቸው ከአባትየው ጋር ሞቷል ብለሽ አታስቢ። በአንዳንድ ቦታ ለረጅም ዘመን የተጠቀሙበት ነገር መብት ይሆናል። መብት ባይሆን እንኳ የመጀመሪያ ሥራሽ አዛውንት ከውሃ መከልከል መሆን የለበትም። ውል ጻፉ። ማን ይቀዳል፣ ለፓምፑ ማን ይከፍላል፣ ሲበላሽ ማን ያሠራል የሚለው ይግባበት። ከተቻለ ይመዝገብ፤ ያኔ ቀጣዩንም ባለቤት ይይዛል።

ገንዘቡም ስሙ ሲዛወር ብቻ ለሻጩ የሚደርስ ይሁን። እስከዚያ ባንክ ወይም ሁለታችሁም የምታምኑት ሕጋዊ አካል ዘንድ ይቀመጥ።

ግንበኛው

እስከ ጉልበት ብቻ የተቀባው ቀለም ብዙ ነገር ይናገራል። ጎበዝ፣ በደንብ አይተሻል።

ስለ ጎርፍ ሰዎች የሚሳሳቱበት አንድ ነገር አለ። «የ100 ዓመት ጎርፍ» ሲባል በ100 ዓመት አንድ ጊዜ የሚመጣ ይመስላቸዋል። ትርጉሙ በየዓመቱ የመምጣት ዕድሉ 1 በመቶ ነው ማለት ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ 30 ዓመት ብትኖሩ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመምጣቱ ዕድል 26 በመቶ ይሆናል። የእናንተ ቦታ ደግሞ በሰው ትዝታ ውስጥ ደርሶበታል፤ ስለዚህ ዕድሉ ከዚህም ሊበልጥ ይችላል።

አንድ ሰው ብቻ አትጠይቁ። ወንዙን ተከትላችሁ ሌሎቹንም ጠይቁ፤ ድልድዩ ሥር የውሃ ምልክት ካለ እዩ። ከላይ በኩል አዲስ መንገድ ወይም ሕንፃ ተሠርቶ ከሆነ ጎርፉ ከበፊቱ ሊፈጥን ይችላል።

ስንጥቁ ከጎርፉ የመጣ ነው ወይስ አሁንም እየሰፋ ያለ ነው? ይህ በአንድ ቀን አይታወቅም። የስንጥቁ ሁለት ጫፍ ላይ በእርሳስ መስመር አስምሩ፣ ቀኑን አጠገቡ ጻፉ፣ ስፋቱን በማስመሪያ ለክታችሁ ፎቶ አንሱ። ክረምቱ ሲወጣ ተመልሳችሁ ለኩት። ያው ከሆነ በጥገና ያልቃል። ከረዘመ ወይም ከሰፋ የመሠረት ሥራ ነው፤ ያ ደግሞ ከባድ ወጪ ነው።

ምንጭ

የውሃ ላቦራቶሪ ሠራተኛ ነኝ። የጎርፉን ወሬ ስሰማ ጉድጓዱ አሳሰበኝ። ጎርፍ የገባበት ጉድጓድ በክሎሪን ታክሞ እንደገና ሳይመረመር አይጠጣም።

ናሙናውን ከላቦራቶሪው በሚሰጣችሁ ንጹሕ ጠርሙስ ውሰዱ። ጠርሙሱን አታለቅልቁት፣ የክዳኑን ውስጥ አትንኩ። በበረዶ አቀዝቅዛችሁ በ24 ሰዓት ውስጥ አድርሱ። ኢ. ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ ከተገኘ ሰገራ የነካው ውሃ ነው ማለት ነው።

ጀርም ብቻ አታስመርምሩ። በእርሻ አካባቢ ከማዳበሪያ የሚመጣ ናይትሬት የሚባል ንጥረ ነገር ውሃው ውስጥ ሊኖር ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ያስቀመጠው ገደብ በሊትር 50 ሚሊግራም ነው። ከዚያ ሲበልጥ በተለይ በውሃው የዱቄት ወተት ለሚበጠበጥላቸው ጨቅላ ሕፃናት አደገኛ ነው፤ ደማቸው ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። ፍሎራይድ የሚባለው ማዕድን ገደቡ ደግሞ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ሲበዛ የልጆችን ጥርስ ያበላሻል፤ እየበረታ ሲሄድ አጥንትንም ይጎዳል። እነዚህን ማፍላት አያጠፋቸውም። እንዲያውም ውሃው ሲተን መጠናቸው ይጨምራል።

የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ የሚጠራቀምበት ሴፕቲክ ታንክ የት ነው? ብዙ መመሪያዎች ከጉድጓዱ ቢያንስ 30 ሜትር እንዲርቅ ያዛሉ፤ ቢቻል ደግሞ ከጉድጓዱ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ። አብዛኛውን ጊዜ በየ3 እስከ 5 ዓመቱ መመጠጥ አለበት። መጨረሻ የተመጠጠው መቼ ነው? መምጠጫ መኪናውስ ግቢው ድረስ መግባት ይችላል? በበጋ ሣሩ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ለምልሞ፣ መሬቱ ረስርሶ ካያችሁ ፍሳሹ ወደ ላይ እየወጣ ነው።

የጓሮ ጥላ

ስለ ችግሩ ብዙ ተባለ። ስለ ኑሮውም ይነገራት እንጂ!

ከትልቅ ከተማ ወጥቼ ትንሽ ከተማ ከገባሁ ልጆቼ ሌላ ልጆች ሆነዋል። ከትምህርት ቤት ብቻቸውን በእግራቸው ይመጣሉ። መንገድ ላይ የሚያያቸው ሁሉ የማን ልጆች እንደሆኑ ያውቃል። ጊዜም ተመለሰልኝ። ትራፊክ ውስጥ የማሳልፈውን ሰዓት አሁን ጓሮዬ ውስጥ ነኝ።

ያው ሰው ሁሉ ያውቅሻል ማለት፣ የገዛሽውን፣ የመጣብሽን እንግዳ፣ የተጣላሽውን ሁሉ ያውቃል ማለት ነው። ብቻውን መሆን ለሚወድ ሰው ይከብዳል። ባለቤትሽ ቀኑን ሙሉ ቤት የሚውል ከሆነ ደግሞ «ሥራ ፈት ነው» መባሉ አይቀርም። ምን እንደሚሠራ ለጎረቤት አስቀድሞ ቢያስረዳ ጥሩ ነው።

መጀመሪያ ስትገቡ አጥር ከማጠር አትጀምሩ። የሰው ቤት ሐዘን ሲገባ ድረሱ። የትምህርት ቤት ስብሰባ ሲጠራ ሂዱ። አንቺ ልብስ ሰፊ ነሽ፤ የልጆች ዩኒፎርም ብቻ ብትሰፊ እንኳ በአንድ ወቅት ከተማውን ሁሉ ትተዋወቂያለሽ።

ጋሽ ታዛቢ

ልጆቼ፣ ያላችሁትን ሁሉ አነበብኩ። አንድ ነገር ልጨምር። ከተማዋ እያደገች ነው ወይስ እየከሰመች?

በተባበሩት መንግሥታት ግምት የዓለም የከተማ ነዋሪ ከገጠሩ የበለጠው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ሰው ወደ ትልልቅ ከተሞች ሲጎርፍ ትንንሾቹ አንዳንዶቹ ባዶ ይቀራሉ። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2023 ባደረገችው ቆጠራ 9 ሚሊዮን ያህል ሰው የማይኖርባቸው ቤቶች ተገኝተዋል። ይህ ከአገሪቱ ቤቶች 13.8 በመቶው ነው። በጣሊያን ሳሌሚ የምትባል የሲሲሊ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2008 ባዶ ቤቶቿን ለስሙ ያህል ብቻ በሆነ ዋጋ ለመስጠት ሐሳብ አቀረበች፤ ሌሎች ከተሞችም ተከተሉ። ገዢው ግን በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ቤቱን የማደስ ግዴታ ይገባል። ወጪው ያለው እዚያ ላይ ነው።

ከተማ ስትከስም በአንድ ቀን አይደለም። መጀመሪያ የአውቶቡሱ ጉዞ ይቀንሳል። ከዚያ የመጀመሪያ ክፍል ተማሪዎች ቁጥር ያንሳል። ባንኩ ቅርንጫፉን ይዘጋል፤ ሐኪሙ ይዛወርና የሚተካው ይጠፋል። ስለዚህ ልጄ፣ ትምህርት ቤቱ ገብተሽ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ስንት እንደገባ፣ ከጥቂት ዓመት በፊትስ ስንት እንደነበር ጠይቂ። ከማንም ደላላ ወሬ ይልቅ ያ ቁጥር ይነግርሻል። ወጣቶች ተመልሰው ሱቅ የሚከፍቱባት፣ አዲስ ቤት የሚሠራባት ከሆነች ደግሞ አትፍሪ።

ቀጥታ ተናጋሪ

ጋሼ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው ያነሡት። እኔም የጎርፉንና የሰነዱን ነገር ከሰማሁ በኋላ፣ በዚህ ቤት ላይ መቸኮል የለባቸውም ባይ ነኝ። ኪራይ አይገኝም ያልኩት ግን እንዳለ ነው፤ ከተገኘ እሰየው።

የማለዳ ጤዛ

ተገኘ! እርጋታ እንዳለችው ትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት ገብቼ ጠየቅሁ። የሚዛወሩ መምህር ነበሩና ቤታቸውን ለክረምቱ ልንይዘው ነው። ጠባብ ናት፤ ግን ከፍ ያለ ቦታ ላይ ናት፣ ለእናቴም ደረጃ የላትም።

ጋሼ፣ ያሉኝንም ጠየቅሁ። አንደኛ ክፍል ካለፉት ዓመታት ጨምሯል። ለአንደኛ ክፍል ተጨማሪ መማሪያ ክፍል ለመክፈት መምህር እየጠየቁ ነው።

ባለቤቴ አሠሪውን በጽሑፍ ጠይቆ ፈቃዱን አግኝቷል። ሲስተር፣ ሲቲ ስካን ያለበትን ሆስፒታል አገኘሁት። በደረቅ መንገድ ከሁለት ሰዓት በታች ነው፤ በዝናብ ግን ገና አላየነውም። እናቴ «እኔ ልሂድ ባይ ነኝ» ብላለች፤ ውሳኔው የእሷም ነው።

ለሻጩ «ወንድምና እህትህ ይፈርሙ፣ ስሙ ይስተካከል፣ ከክረምቱ በኋላ እንነጋገር» አልነው። ሌላ ሰው ቢገዛው እናዝናለን፤ ግን ተቀብለነዋል። ስንጥቁ ላይ መስመሩን አስምረን ቀኑን ጽፈናል። የውሃው ናሙናም ዛሬ ጠዋት ገብቷል። ለጎረቤታችንም ውጤቱን እነግራቸዋለሁ ብዬአለሁ፤ እሳቸውም ይጠጡታልና።

አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። ጎርፉ ካሰጋ ወለሉን ከፍ ማድረግ ይቻላል ወይስ የኋለኛውን ክፍል መተው ይሻላል?

ግንበኛው

ሁለቱም ይቻላል፤ ግን መጀመሪያ ውሃው እስከ የት እንደደረሰ በቁመት ለኩ። ከዋናው ቤት ወለል በታች ከቆመ የኋለኛውን ክፍል ለዕቃ ማስቀመጫ አድርጋችሁ መኝታውን ወደ ፊት ማምጣት ከሁሉ ይቀላል። ሶኬቶቹንና የመብራት ቆጣሪውን ከዚያ ምልክት በላይ አውጧቸው። ወለል ከፍ ማድረግ የሚታሰበው ውሃው ዋናው ቤት ውስጥ ከገባ ነው፤ ያኔ የበሩም የመስኮቱም ቁመት ስለሚቀየር ሥራው ቤት እንደ አዲስ ከመሥራት አይተናነስም።

የቀለሙን መስመር ከወለሉ ጋር አስተያይተሽ ልኬቱን ላኪልኝ። ወጪውን አብረን እናሰላዋለን፤ ከዋጋው ላይ እንዲቀነስላችሁ የምትጠይቁትም በዚያ ነው።